ስንት ጊዜ ዕቃ ጫንሽ?

በዚህ ዓመት በኅዳር ወር፣ አንድ ማታ፣ ዶርማችን ውስጥ መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፋት ለተማሪ ሁለት ጥቅም አለው፤ ላለማጥናት ምክንያት ይሆናል፣ ደግሞም ሰው እውነቱን ያወራል። ፊት ለፊት ካልተያዩ ኀፍረት ይቀንሳል መሰለኝ። ስድስት ነን። አንዷ ተኝታለች፣ እሷን ተዉአት። የቀረነው አምስታችን ከአምስት ከተማ የመጣን ነን፤ የዱራሜዋ፣ የሶዶዋ፣ የሀዋሳዋ፣ የአዲስ አበባዋና እኔ፣ የሆሳዕናዋ። ለነገሩ እኔ እንኳ የሌሞ ልጅ ነኝ። ግን ሌሞ ስል "እሱ ደሞ የት ነው?" የሚል ጥያቄ ስለሚከተል፣ ሆሳዕና ብሎ መገላገል ይሻላል። ሌሞ ማለት ሆሳዕናን ዙሪያዋን የከበባት ወረዳ ነው፤ ከተማዋ ስትሰፋ የምትሰፋው በእኛ እንሰት ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እናቴ ደውላ ነበር። እናቴ ስትደውል ከሰላምታ በፊት "በላሽ ወይ?" ትላለች። ያን ዕለት ግን አላለችም። "ሴትዮዋ ተናገረች" አለችኝ። በእኛ ቤት "ሴትዮዋ ተናገረች" ሌላ ትርጉም የለውም፤ አከራያችን ወይ ኪራይ ጨምራለች፣ ወይ ቤቱን ልቀቁ ብላለች ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ብላለች። ከ1,800 ብር ወደ 3,000 ብር፤ አለዚያ እስከ ወር መጨረሻ።

"ደመወዝ ተጨምሯል አይደል?" አለቻት አሉ።

"ለመንግሥት ሠራተኛ ተጨመረ እንጂ ለእኔ ምን ተጨመረልኝ? የቆጮ ደመወዝ መች ተጨመረ!" ብላ መለሰች እናቴ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ጥሩ መልስ ኪራይ አይከፍልም።

በእርግጥ የደመወዙ ነገር እውነት ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል በነሐሴ 2017 ተነግሮ ነበር። ወሬውን መጀመሪያ የሰማው ሠራተኛው ይሁን አከራዩ እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም።

ይህን ሁሉ በጨለማ ውስጥ ስነግራቸው "አይዞሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። የዱራሜዋ ብቻ፣ በሽተኛ እንደሚመረምር ሐኪም ረጋ ብላ፣ "እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ዕቃ ጫናችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቆጠርኩ። በጣቶቼ ነው የቆጠርኩት፤ ጨለማ ስለሆነ ማንም አላየኝም። ከክፍል ወደ ክፍል ስድስት ጊዜ ጭነናል፣ ከሌሞ የመጣንበት ሲጨመር ሰባት። "ሰባት" አልኩ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ቆጠረ። የሶዶዋ አራት። የሀዋሳዋ ሁለት። የዱራሜዋ አንድም ጊዜ፤ ግን "አንድም ጊዜ" ስትል ድምፅዋ አላማረኝም፣ እመለስበታለሁ። የአዲስ አበባዋ ዝም ብላ ቆየችና፣ "አንድ ጊዜ ብቻ፤ ግን ያን ጊዜ ሁሉንም ነው የጫነው" አለች።

ስለ ቤት ሲወራ ሰው የሚጠይቀው "ስንት ነው?" ብሎ ነው። የገንዘቡን ነገር አልንቅም። በሌላው ዓለም የከተማ ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎች፣ አንድ ቤተሰብ ከገቢው ከ30 በመቶ በላይ ለቤት ከከፈለ ቤቱ ከአቅሙ በላይ ነው ይላሉ። ይህን ሒሳብ ለእናቴ ልሠራላት ሞክሬ ነበር። ችግሩ መጀመሪያ ገቢዋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእሷ ገቢ ደግሞ እንደ ገበያው ነው። በያሆዴ ሰሞን ቆጮና ቅቤ ይፈለጋል፣ እጇ ይረጥባል፤ ከበዓሉ ወዲያ ይደርቃል። ኪራዩ ግን ያሆዴን አያውቅም፣ በየወሩ እኩል ነው። በመቶኛ መለካት የሚያምረው ደመወዝ ላለው ሰው ነው ብዬ ተውኩት። የዱራሜዋ መለኪያ በለጠብኝ።

ወደ ሆሳዕና የገባነው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አባታችን ባረፈ በዓመቱ፣ እኔ አንደኛ ክፍል ልገባ ስል። የመጀመሪያዋ ክፍላችን በወር 80 ብር ነበረች። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ዝናብ ሲመጣ እናትና ልጅ መሰማማት የማይችሉባት። አልወደድኳትም ብል ውሸት ነው። ሌሞ የነበረው ቤታችን ክብ የሣር ቤት ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶው፣ በአንድ ወገን ከብቶቹ፣ በሌላው ወገን እኛ። በእኛ ቋንቋ ቤት "ሚኔ" ነው፤ እናቴ ግን ያቺን የ80 ብር ክፍል አንድም ቀን "ሚኔ" ብላ ጠርታት አታውቅም። በአማርኛ "ክፍሏ" ነው የምትላት። እስከ ሰባተኛዋ ድረስ ሁሉም "ክፍሏ" ነበሩ።

ከክፍሎቹ ስንቱን በገንዘብ ምክንያት እንደለቀቅን ሳስብ ይገርመኛል። አንዷን ብቻ ነው። ሌላዋን የለቀቅነው የአከራያችን ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ሊያገባ ስለመጣ፣ ሙሽሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ስላስፈለገ ነው፤ ሁለት ሳምንት ተሰጠን፣ በሠርጉም ተጠርተን በላን። አንደኛዋን ጭቃው ፈርሶ ብሎኬት ስለሚሠራ። አንደኛዋን ባለቤትየው ሞተው ወራሾች ሲካፈሉ፣ የእኛ ክፍል ድንበሩ ላይ ስለወደቀች። ሌላዋን ደግሞ፣ ይህን ስናገር ዶርሙ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፣ "የቆጮሽ ሽታ ሳሎኔ ገባ" ተብለን። ቆጮ የሚበላ ሰው ነው እንዲህ ያለን! እናቴ በዚያ ቀን አልሳቀችም። ኮባ በኮባ ላይ ደራርባ ጠቀለለችው፤ ሽታው ግን በኮባ የሚታሰር አይደለም። እናም ጫንን፤ ያኔ በፈረስ ጋሪ፣ በኋላ በባጃጅ።

በተከራየንባቸው ግቢዎች ሁሉ እናቴ ጎመን ትተክል ነበር። ጎመን ቶሎ ይደርሳል። እንሰት ግን ተክላ አታውቅም፤ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኛ ሦስት ቦታ እንቀይር ነበር።

ሆሳዕናን ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ፣ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 32 ሺህ ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 70 ሺህ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር መጣባት፤ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ዩኒቨርሲቲ፣ የደቡብ አፍሪካ ገንዘብ፣ በመጨረሻም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የክልል መቀመጫነት። የቀድሞው የደቡብ ክልል ሲከፋፈል የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። መንገዱም አስፋልቱም መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን ቢሮ በአዋጅ ይቋቋማል፣ መኝታ ክፍል በአዋጅ አይቋቋምም። ከሀዋሳ ፋይሉን ይዞ የመጣ ሠራተኛ ያኑ ዕለት ማታ የሆነ ቦታ መተኛት አለበት። የሚተኛው ደግሞ ቀድሞ እናቴ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ደመወዝ ያለው እሱ ነዋ።

የሶዶዋ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባች። "የኛም እኮ እንደዚሁ ነው!" አለች። እውነቷን ነው፤ ወላይታ ሶዶ በዚያው ሰሞን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። አባቷ አስተማሪ ነው፤ ከደመወዙ ሲሶው ለኪራይ ይሄዳል። ደላላው ሲደውል "የክልል ሰው ነህ ወይስ የከተማ?" ብሎ ይጀምራል አለች። የሁለታችን ከተማ ታሪክ መንታ ስለሆነ ብዙ አላወራንበትም፤ ሕመሙ አንድ የሆነ ሰው ብዙ አያወራም።

"ለእናንተ የመጡት ከእኛ ዘንድ የሄዱት ናቸው" አለች የሀዋሳዋ። ታዲያ ሀዋሳ ቤት ረክሶ ይሆናል ብለን ጠየቅናት። ሳቀች። በሰፈሯ የተከራይ ፍለጋ ማስታወቂያ በየበሩ ተለጥፎ ነበር አለች፤ ግን ጎረቤታቸው "ወርዶ ከሚከራይ ተዘግቶ ይቀመጥ" ብሎ ሁለት ክፍል ስምንት ወር ቆልፎ አስቀመጠ። በኢኮኖሚክስ ኮርስ ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል ብለን ተፈትነናል፣ ኤም አግኝቼበታለሁ። የሀዋሳ አከራይ ኮርሱን አልወሰደም። ደግሞ ከቢሮ ሠራተኛ ሌላ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሴቶች ልጆች አሉ፤ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ከየገጠሩ የመጡ፣ አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚጋሩ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ከእነርሱ ሥራ ያጡ ነበሩ። የሀዋሳዋ የምታውቃት አንዲት ልጅ ያኔ ወደ አገሯ ተመለሰች። አገሯ የት መሰላችሁ? ሌሞ። ፍራሿን ለቀሩት ትታላቸው ነው የሄደችው፤ የሷ ድርሻ ኪራይ በሦስቱ ላይ ተደለደለ።

የአዲስ አበባዋ ታሪክ ከሁላችንም የተለየ ነው፤ የቀበሌ ቤት ልጅ ናት። አያቷ ቤቱን ያገኙት በ1967ቱ አዋጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው። እስከ 300 ብር የሚከፍል ተከራይ ኪራዩ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ይህን በታሪክ ክፍል ስንማር ስለ ባለርስትና ስለ ትርፍ ቤት ነበር የተማርነው። የአዲስ አበባዋ ግን እንዲህ አለችን፤ "አያቴ በወር የምትከፍለው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም ነበር። ጣራው ያፈስሳል፣ ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ ነው፤ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ ተናገረች የሚል ነገር ሰምታ አታውቅም።"

ለአፍታ ቀናሁባት። ሃምሳ ዓመት! እንሰት ስንት ጊዜ ይደርሳል?

ከዚያ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ ሰፈሩ ተነሣ፣ ለአያቷ በከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። አሁን የራሳቸው ሽንት ቤት አላቸው፣ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው። ልጅቱ ይህን አልካደችም። "አልጋውን ጫንን፣ ቁምሣጥኑን ጫንን፣ ረከቦቱን ጫንን፤ እድሩን ግን በምን መኪና ትጭኚዋለሽ?" አለችኝ። አያቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና አፍልተው የሚጠሩት ሰው አጥተው፣ ቡናው ቀዝቅዞ ይደፋል አሉ። ስለዚህ ነው "ሁሉንም ጫነው" ያለችው።

ውይይቱ እዚህ ሲደርስ የሶዶዋ በስልኳ ብርሃን አንድ ነገር ፈልጋ አነበበችልን፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፣ በሌሎች ከተሞች ደግሞ ክልሎች በሚወስኑት መሠረት። ዶርሙ ውስጥ ፓርላማ የገባን መሰለን።

"እናትሽ ውል አላት?" አለችኝ።

"ውል? ሴትዮዋ ቃሏን ሰጥታናለች።"

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ አዋጁን ከነቁጥሩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "እሺ ልጄ፤ ሴትዮዋን ከስሼ ስመለስ ውኃ የምቀዳው ከማን ግቢ ነው?" አለችኝ። መልስ አላገኘሁም። ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሴትዮዋም ክፉ አይደለችም። ባሏ ሞቷል፣ ሦስት ልጅ ታስተምራለች፣ ከሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች ሌላ ገቢ የላትም። ጤፍ ለእሷም ጨምሯል። በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ስለ መኝታ በጽሑፍ የተፈረመ ውል ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእኔ። የወጪ መጋራት ውሌ። ምግብና መኝታ ተጽፎበታል፣ ማኅተም አለው፣ ኪራዩ በመሐል አይጨመርም፤ ቆጮ ቢሸትም ማንም አያስወጣኝም። የሚያልቅበት ቀን ግን የታወቀ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ስምንተኛውን ዕቃ የምጭነው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዱራሜዋ ልመለስ።

እነሱ የራሳቸው ቤት አላቸው። ብሎኬት፣ ሴራሚክ ወለል፣ ላሜራ በር፤ ታላቅ ወንድሟ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ገንዘብ የተሠራ። ዱራሜ ከሆሳዕና ታንሳለች፣ የክልሉ ቢሮዎች ሲከፋፈሉ ለእሷም ደርሷታል፣ የዩኒቨርሲቲያችን ሳይሆን የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም አላት፤ ኪራዩ ግን ገና እንደ ሆሳዕና አልናረም። እዚያ የሚከራይ ክፍል የሚገኘው በዘመድ በኩል ነው አለችን። ይህን ሁሉ እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነገረችንና ቆመች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ታናሽ ወንድሟ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወንድሙን ተከትሎ እንደወጣ ተናገረች። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከማላዊ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ አጠገብ፣ የኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ፣ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ነበር። የሷ ወንድም ከ27ቱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። ለቅሶ ይቀመጡ አይቀመጡ አያውቁም። "ሳሎናችን ሃምሳ ሰው ይይዛል" አለች፤ "እናቴ ግን ወንበር አታስደረድርም። ወንበር ከተደረደረ ሞቷል ማለት ነው።"

ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። መብራቱም አልመጣም።

ዝምታውን የሰበረችው የአዲስ አበባዋ ናት፤ እኔን ነው የጠየቀችው። "ቆይ፣ አንቺም ወንድም ደቡብ አፍሪካ አለኝ ብለሽን አልነበር?"

አለኝ። ጋሼ የሄደው በ2006 ዓ.ም. ነው። በ2008 ካርታ ያለው አንድ አሮጌ ጭቃ ቤት በሆሳዕና ገዛ። (ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ መሬቱ እግረ መንገዱን አብሮ ይሄዳል።) አሮጌው ፈረሰ፣ ጂ ፕላስ ዋን ተጀመረ። ኮለን ቆመ፣ ሶሌታ ተሞላ። ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በኳዙሉ ናታልና በጋውቴንግ በተነሣው ረብሻ ሱቁ ተዘርፎ ባዶ ቀረ። ቤቱ እንደቆመ ቆመ። ከሶሌታው በላይ ወደ ሰማይ የወጣው ፌሮ ዝጓል፤ በሥሩ የጎረቤት ፍየሎች ያድራሉ። እናቴ ወደ ገበያ ስትሄድም ስትመለስም በአጠገቡ ታልፋለች። ቀና ብላ ስታየው አይቻት አላውቅም።

"ታዲያ ለምን እዚያ አትገቡም?" አለች የአዲስ አበባዋ። ጥያቄው ቀላል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በቤታችን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። በር የለውም፣ ግድግዳ የለውም አልኳት። ዋናውን ግን የተናገርኩት ቆይቼ ነው፤ ባለቀ ቤት መግባት ክብር ነው፣ ባላለቀ ቤት መግባት ግን "ልጇ አልቻለም" ብሎ ለሰፈር ማወጅ ነው። እናቴ በየወሩ የምትከፍለው ኪራይ የእሷ መጠለያ ብቻ አልነበረም። የጋሼን ስም መሸፈኛም ነበር። ይህን በጨለማ ባልሆን አልናገረውም ነበር።

በታኅሣሥ እናቴ ገባች። እቁቧ ደርሷት ነበር፤ በኮለኖቹ መካከል ብሎኬት አስደረደረች፣ ያገለገለ ላሜራ በር ገዛች፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ዕቃውን ተሸክመው አደረሱላት፤ ባጃጅ እንኳ አላስፈለገም። ለጋሼ የነገረችው ከገባች በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሣም።

ለሴሚስተር እረፍት ስሄድ አየሁት። ሶሌታው በሁለት ቦታ ያንጠባጥባል፣ ባልዲ ተቀምጦበታል። መብራቱ ከጎረቤት የተጠለፈ ነው። ነፋሱ ብሎኬቱ ባልደረሰበት በኩል ይገባና ማታ ማታ እንደ ሰው ያፏጫል። ወር በገባ ቀን እናቴ ጠዋት ተነሥታ ቡና አፈላች፤ ማንም በሩን አላንኳኳም። ከዚያ ከሌሞ፣ ከአጎቴ ጓሮ ያስመጣቻቸውን ሦስት የእንሰት ችግኞች ይዛ ወጣች። ጉድጓዱን የቆፈርኩላት እኔ ነኝ።

ማታ ጋሼ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ነበር። የት እንደተከለች ጠየቃት፤ ነገረችው።

"እማዬ፣ እዚያ ጋ እኮ የፎቁ ደረጃ ነው የሚመጣው" አላት።

"እሺ" አለችው፣ "ደረጃው ሲመጣ ነቅለን እናዛውረዋለን፤ እንሰት መዛወር ይወዳል።"